«መምረጥ» እና «መራጭ መሆን»፦ በአንድ የመስክ ሙከራ ላይ የቀረበ ቋንቋዊ ሂስ

በምርጫ ቅስቀሳ ጥናት የመስክ ሙከራ ያገኘው ክብር የሚገባው ነው። ገርበርና ግሪን በ1998 እ.ኤ.አ. በኒው ሄቨን መራጮችን በዕጣ መድበው፣ ቤት ድረስ ሄዶ ማነጋገር ከስልክ ጥሪ እንደሚልቅ አሳዩ፤ ከዚያ ወዲህ «ቅስቀሳችን ሠርቷል» የሚል ሁሉ ማስረጃ ይጠየቃል። ችግሩ የሚመጣው በዕጣ የሚታደለው ነገር ራሱ ቃል ሲሆን ነው።

ክሪስቶፈር ብራያንና ባልደረቦቹ በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ2009 የኒው ጀርዚ አገረ ገዥ ምርጫ አስቀድሞ ከፊሎቹን ተሳታፊዎች ስለ «መምረጥ»፣ ከፊሎቹን «መራጭ ስለ መሆን» ጠየቁ። በስም ከተጠየቁት 90 በመቶ ያህሉ፣ በግሥ ከተጠየቁት ደግሞ 79 በመቶው ድምፅ ሰጡ። ማብራሪያቸው ግሥ ድርጊትን፣ ስም ማንነትን ይሰይማል የሚል ነው። ገርበርና ሌሎች በ2014 በሚሺጋን፣ በሚዙሪና በቴነሲ የዕጩ መለያ ምርጫዎች ሲሞክሩት ልዩነቱ አልታየም። ክርክሩ በምርጫው ግለትና በስሌቱ ዙሪያ ቀጠለ፤ እኔን የሚያጠያይቀኝ ግን መነሻው ነው።

አማርኛ ይህን መነሻ አይደግፍም። የአድራጊ ስም ከማንኛውም ግሥ ለማለት ይቻላል ይወጣል፤ ማንነትንም የግድ አያሸክምም። በቤት ሽያጭ ውል «ሻጭ» የተባለው ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ የሸጠ ሊሆን ይችላል፤ መሸጥ መተዳደሪያው የሆነውን «ነጋዴ» እንለዋለን። «መራጭ» ደግሞ የራሱ ጓዝ አለው። ምግብ የሚያማርጥ ልጅም መራጭ ነው፤ ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ የአስተዳደር ትርጉሙ ነው፦ ተመዝግቦ ካርድ የወሰደ ሰው ድምፅ ሳይሰጥም መራጭ ይባላል። «መራጭ መሆን ለእርስዎ ምን ያህል አስፈላጊ ነው?» የተባለ የአዲስ አበባ ነዋሪ ካርዱን ኪሱ ከትቶ «ነኝ እኮ!» ብሎ ቤቱ ሊውል ይችላል። በስዋሂሊ ግን «ኩፒጋ ኩራ» የሚለው ግሥም «ምፒጋ ኩራ» የሚለው ስምም «ኩራ»ን፣ ማለትም ድምፁን፣ ይዘው ይሄዳሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከአማርኛው ይጠባል።

ነገሩ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2013 የኬንያ ምርጫ ኮሚሽን ለ2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች 11 ሚሊዮን ገደማ የስልክ መልእክት ላከ። ማርክስ፣ ፖንስና ሱሪ እንዳሳዩት ተሳትፎ ጨመረ፤ በምርጫ ተቋማት ላይ ያለው እምነት ግን ቀነሰ፤ የተነገረው ሥርዓትና ግልጽነት በዕለቱ አልተገኘምና። መልእክት በዚህ መጠን በሚሠራጭበት አገር፣ የሙከራ ዘገባ የተላከውን ቃል ተቀባዩ ባነበበበት ቋንቋ፣ ሙሉውን፣ በዋናው ጽሑፍ ውስጥ ማተም አለበት። ዕጣው ከመውጣቱ በፊትም ጥቂት የቋንቋው ተናጋሪዎች ከመልእክቱ ምን እንደተረዱ በራሳቸው አባባል ሊጠየቁ ይገባል።