ቆሮሶና ሙዝ በአንድ መኪና

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ካለበት ሐይቅ የሚወጣው ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ለውኃው እንግዳ ነው፤ የተጨመረበት በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ዛሬ በጾም ሰሞን ፈላጊው ብዙ ነው። ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች በረዶ የተሞላ ሣጥን ይበቃል። አዲስ አበባ ግን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ያውም በሸዋ ሮቢት ሙቀት አልፎ፣ ጣርማበርን ወጥቶ። ለዚህ መንገድ ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ያስፈልጋል፤ ዓሣ ብቻውን ደግሞ መኪና አይሞላም።

እዚህ ላይ ነው ቅልቅል ጭነት የሚያሰናዳ ሰው ሙያ የሚታየው። ዓሣ 0 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል፤ ሙዝ ከ13 በታች ከቆየ ልጣጩ ይጠቁራል፤ ቲማቲምም ብርድ አይወድም። ስለዚህ የመኪናው ሆድ በተንቀሳቃሽ ግድግዳ ይከፈላል፦ ቀዝቃዛው ከፊት፣ ለዘብ ያለው ከኋላ። የበሰለ ማንጎ የሚያወጣው ጋዝ ጎመንን ቢጫ ስለሚያደርግ ሁለቱ አይጎራበቱም። ቅቤ የጎረቤቱን ሽታ ይስባል፤ ቅቤን ከዓሣ ጋር የጫነ ነጋዴ ደንበኛውን አብሮ ሸኘው ማለት ነው።

ሣጥኖቹ እስከ ጣሪያ አይጠቀጠቁም፤ ነፋሱ መተላለፊያ ይፈልጋል። ማሽኑም የቀዘቀዘውን ያቆያል እንጂ የሞቀውን አያበርድም፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ከሁሉ የምወደው ግን አደራደሩን ነው። መጨረሻ የሚወርደው ቀድሞ ይገባል። ደብረ ብርሃን የሚራገፈው በሩ ሥር ስላለ፣ ሹፌሩ ከፍቶ፣ አውርዶ፣ ብርዱ ሳይወጣ ይዘጋዋል።