የትርጉም ልብ ወለድ ጉድለት ተጠያቂው ማን ነው?

የትርጉም ልብ ወለድ በሦስት እጅ ያልፋል፤ በደራሲው፣ በተርጓሚውና በአርታዒው። የአጻጻፉ ስልት ሳያረካ ሲቀር ግን ወቀሳው ዘወትር የሚያርፈው በተርጓሚው ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአንድ ስመ ጥር የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ አማካይነት ጉድለቱን ለየባለቤቱ መለየት ነው። ጉዳዩ የቋንቋ መምህራንን ይመለከታል፤ ተማሪ መልካም አጻጻፍን ከሚማርባቸው መጻሕፍት አንዱ ትርጉም ነውና።

ስዊድናዊው ጋዜጠኛ ስቲግ ላርሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሞት የልብ ወለዱን መታተም አላየም። መጽሐፉ በ2005 በስዊድንኛ፣ በ2008 በእንግሊዝኛ ወጣ። የታሪኩ መነሻ እጅግ የሚስብ ነው። ሃሪየት ቫንገር የተባለች ልጃገረድ በ1966 ከአንዲት ደሴት ተሰወረች። የአያቷ ወንድም ሄንሪክ ቫንገር 82ኛ የልደት ቀናቸው ድረስ በየዓመቱ ላኪው ያልታወቀ የደረቀ አበባ ይደርሳቸዋል።

እንዲህ ያለ ጅማሬ ያነበበ ሰው የሚጠብቀው ውጥረት ግን ብዙ ሳይቆይ በመረጃ ክምር ይታፈናል። የአንድ ባለሀብት የገንዘብ ጉዳይ በሰፊው ይተነተናል፤ የቫንገር ቤተሰብ የዘር ሐረግ ይዘረዘራል፤ የኮምፒዩተር ዓይነትና አቅም እንደ ዕቃ ማስታወቂያ ይገለጻል፤ ቡናው በየገጹ ይፈላል። የባለታሪኮቹም ጠባይ ከድርጊታቸው ከሚታይ ይልቅ በተራኪው ይነገራል። ለእነዚህ ተጠያቂው ደራሲው ነው፤ የቡናውን ብዛት መቀነስ የተርጓሚ ሥልጣን አይደለምና። ደራሲው ሌላ መንገድ መከተል ይችል እንደነበር ግን ራሱ መጽሐፉ ይመሰክራል። ሃሪየት በጠፋችበት ቀን የተነሡት ፎቶግራፎች በቅደም ተከተል ሲደረደሩና ፊቷ በድንገት ሲለወጥ አንባቢው ያለ አንዳች ማብራሪያ ይደነግጣል።

ሁለተኛው ጉድለት የተፈጠረው በኅትመቱ ሂደት ነው። የስዊድንኛው ርእስ «ሴቶችን የሚጠሉ ወንዶች» ማለት ነው። የመጽሐፉ አራት ክፍሎች እያንዳንዳቸው በስዊድን ሴቶች ላይ ስለሚፈጸም ጥቃት በሚናገር አኃዝ ስለሚጀምሩ ርእሱና ይዘቱ ይስማማሉ። የእንግሊዝኛው ርእስ ግን «ዘንዶ የተነቀሰችው ልጃገረድ» ሆነ። በዚህም ዓይናችን ከበዳዮቹ ተነሥቶ በአንዲት ወጣት ገላ ላይ እንዲያርፍ ተደረገ። ተርጓሚው ስቲቨን ሙሬይም በአርታዒው ለውጦች ስላልተስማማ በብዕር ስም፣ ሬግ ኪላንድ ተብሎ ወጣ። እንግዲህ በዚህ መጽሐፍ ላይ የሚሰነዘር ወቀሳ ሁሉ የተርጓሚው ዕዳ ሊሆን አይገባም።

ይህን መጽሐፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ደግሞ የራሱ ፈተና ይጠብቀዋል። አበባውን «የሚልከው» ሲል ላኪው ወንድ ነው፣ «የምትልከው» ሲል ሴት ናት ብሎ መፍረዱ ነው፤ ደራሲው የሸሸገውን ምስጢር ግሱ ያወጣዋል ወይም አንባቢውን ያሳስታል። «አበባው ከማን እጅ ይመጣል?» ቢል ግን ምስጢሩም ይጠበቃል፣ አማርኛውም አይጎረብጥም። ጋዜጠኛው አዛውንቱን «አንተ» ይበላቸው ወይስ «እርስዎ» የሚለውንም እንግሊዝኛው አይወስንለትም። ከእንግሊዝኛ ብቻ የሚተረጉም ሰው የመጀመሪያውን አርታዒ ምርጫ ሳያውቅ ይወርሳል።

ስለዚህ በመምህራን ማሠልጠኛም ሆነ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የትርጉም ሥራ ሲነበብ፣ ተማሪዎች ያልወደዱትን አንቀጽ መርጠው ጉድለቱ የድርሰት፣ የትርጉም ወይስ የአርትዖት መሆኑን በማስረጃ እንዲለዩ ቢደረግ ይጠቅማል። ለቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት የሚመርጡ ባለሙያዎችም ሥራው ከየትኛው ቋንቋና በማን እንደተተረጎመ ሊመዘግቡ ይገባል። «ትርጉሙ አይጥምም» ብሎ መጽሐፍ መዝጋት ቀላል ነው፤ ያልጣመውን ለይቶ ማመልከት ግን የትምህርት ውጤት ነው።