የሸሁ ሕይወት በመንዙማቸው ሲጻፍ

የወሎ ሸሆችን የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ምንጭ ያገኛል። አንዱ የቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል ነው፤ ይህ ሸሁ ካላመፁ ወይም ካልተጠመቁ በቀር ስማቸውን ማንሣት አይወድም። ሁለተኛው መናቂብ ነው፤ ደረሶቻቸው ወይም የልጅ ልጆቻቸው በዐረብኛ የጻፉት፣ ከማን ተማሩ፣ ማንን አስተማሩ፣ ምን ከራማ ታየላቸው የሚለውን የሚዘረዝር ጽሑፍ። ሦስተኛው ሸሁ ራሳቸው የገጠሙት መንዙማ ነው። የተለመደው አሠራር ታሪኩን ከሁለቱ አቁሞ መንዙማውን በየምዕራፉ ጫፍ እንደ ቅመም መነስነስ ነው። እኔ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኗል ባይ ነኝ። ከሦስቱ ምንጮች ሸሁ በራሳቸው አንደበት የሚናገሩበት መንዙማው ብቻ ነው። እርግጥ ቀን አይነግረንም፤ ጦርነት የትና እንዴት እንደተደረገም በቅጡ አይነግረንም። ሸሁ ለማን እንደተናገሩ፣ በምን ቋንቋ እንደተናገሩና ምን እንደለመኑ ግን ይነግረናል። የአንድ የሃይማኖት ሰው ሕይወት በዋናነት የሚታወቀው ደግሞ በእነዚህ ነው።

ሸህ ጦልሃ ጀዕፈርን እንውሰድ። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ሲሆን ያረፉት በ1936 ነው፤ ዕድሜያቸው ከዐፄ ቴዎድሮስ መነሣት እስከ ጣሊያን ወረራ ይደርሳል ማለት ነው። በዚህ ዘመን መሐል የቦሩ ሜዳ ጉባኤ አለ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ቦሩ ሜዳ ላይ ተገናኝተው የቤተ ክርስቲያኑን የሃይማኖት ክርክር ከቋጩ በኋላ የወሎ ሙስሊሞችም ክርስትና እንዲነሡ ታዘዘ። ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ዐፄ ዮሐንስ ክርስትና አባት ሆነዋቸው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የምንላቸው እሳቸው ናቸው። ኢማም አመዴ አባ ዋጠው ደግሞ በምኒልክ ክርስትና አባትነት ኃይለ ማርያም ተባሉ። ባላባቶቹ ሲጠመቁ ዑለማው ግን በአንድ መንገድ አልሄደም፤ የተሰደደ አለ፣ አንገቱን ደፍቶ ያሳለፈ አለ፣ እንደ ሸህ ጦልሃ ጦር ያነሣም አለ። ዜና መዋዕል ጸሐፊ እንዲህ ያለውን ሰው የሚያየው በአመፁ በኩል ነው፤ ሽፍታ ብሎት ያልፋል። መናቂብ ጸሐፊ ደግሞ ወሊይ ይለዋል፤ ከጦርነቱ ይልቅ ከራማውን ያስቀድማል። መንዙማው ውስጥ የምናገኘው ሰው ከሁለቱም ይለያል። በጌታው በር ላይ የቆመ ደካማ ባሪያ ነው፤ የዘመኑን ግፍ የሚያነሣው በዘገባ መልክ ሳይሆን በልመና መልክ ነው፤ ነቢዩን አማላጅ ይዞ፣ የቀደሙትን ደጋጎች በስም እየጠራ ይማጸናል።

እዚህ ላይ ነው የሕይወት ታሪክ ጸሐፊው ሥራ የሚጀምረው። ጦር የሚያዝ ሰው በግጥሙ ውስጥ ስለምን ራሱን አቅም የሌለው አድርጎ ያቀርባል? ቶሎ የሚመጣው መልስ «ትሕትና ነው፣ የሱፊዎች ወግ ነው» የሚል ነው። ትክክል ነው፤ ግን አይበቃም። መንዙማ ለብቻ ተቀምጦ የሚነበብ ጽሑፍ አይደለም፤ ሐድራ ላይ ቡናው ተፈልቶ፣ ጫቱ ቀርቦ፣ ድቤው እየተመታ አውጪው አንድ ስንኝ ሲያወጣ ጉባኤው አዝማቹን የሚቀበልበት ነው። «እኔ» የሚለው ቃል ከሸሁ አፍ ይወጣና በተቀባዩ ሁሉ አፍ ይገባል። ስለዚህ ሸሁ «ደካማ ነኝ» ሲሉ ጭሰኛውም፣ ክርስትና ተነሥቶ በልቡ እስልምናውን የያዘውም፣ ልጇ የተሰደደባትም እናት አብረው «ደካማ ነኝ» ይላሉ። ሸህ ጦልሃ ሰው የሰበሰቡት በፈረስና በጠመንጃ ብቻ አይመስለኝም፤ ይህን ልመና በጋራ በሚያደርሰው ጉባኤም ጭምር ነው። የሕይወት ታሪኩ ይህን ካልያዘ፣ አመፁ የአንድ ቁጡ ሰው ሥራ ሆኖ ይቀራል።

መንዙማን ለምስክርነት ማቆም የራሱ ጥንቃቄ አለው። አብዛኛው መንዙማ አላህን በማመስገን ይከፈታል፣ በነቢዩ ላይ ሰለዋት ያወርዳል፣ ወደ ዋናው ጉዳይ ይገባል፣ በዱዓ ይዘጋል፤ መጨረሻው አካባቢ ገጣሚው ስሙን የሚያስገባበትም ብዙ ነው። ይህ ቅርጽ የጋራ ስለሆነ የምስክርነቱ ክብደት ያለው ከቅርጹ ወጣ ባለበት ቦታ ነው። ሰለዋቱ አጥሮ ልመናው የሚረዝምበት፣ ከደጋጎች ስም ዝርዝር መሐል የአንድ መንደር ስም የሚገባበት፣ ዱዓው ለምእመኑ ሁሉ መሆኑ ቀርቶ ለአንድ ዓይነት ተጨናቂ የሚሆንበት ቦታ ተለይቶ ሊመዘገብ ይገባዋል። ሌላም አለ። በስንኙ መሐል ያለ ስምና ቤት በሚመታበት ቦታ ያለ ስም እኩል አይታመኑም። መሐል ላይ ያለውን የንጉሥ ወይም የሸህ ስም ኋላ የመጣ አውጪ በሌላ ሊተካው ይችላል፤ ዜማው ከተስተካከለለት ማንም ልብ አይለውም። ቤት የሚመታውን ስም ለመለወጥ ግን ሌሎቹን ስንኞችም ማፍረስ ይኖርበታል። የአንድ ሸህ ተማሪነት ወይም ስደት በመንዙማ ብቻ ከተደገፈ፣ መጀመሪያ የማየው የቦታው ስም ቤት ላይ መውደቁን ነው።

ከዚያ በፊት ግን ጽሑፉን በትክክል ማንበብ ይቀድማል፤ ይህ ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው። ብዙው የአማርኛ መንዙማ የተጻፈው በአጀሚ፣ ማለትም በዐረብ ፊደል ነው። የዐረብ ፊደል ጨን፣ ጰን፣ ኘን አያውቅም፤ ጸሐፊዎቹ ነጥብ እየጨመሩ የየራሳቸውን መፍትሔ ፈጥረዋል፤ አንዱ ገልባጭ የመረጠውን ሌላው ላይመርጠው ይችላል። አናባቢው ይብሳል፤ የአማርኛ ሰባት ድምፅ በዐረብኛ ሦስት ምልክት ይሸፈናል። «ሞት» እና «ሙት» በአጀሚ ሲጻፉ አንድ ናቸው፤ ሚም፣ ዋው፣ ታ። ስንኙ ሸሁ ሞትን እየተማጸኑ ነው ወይስ ስለ ሙታን እየተናገሩ ነው የሚለውን የሚወስነው ዓረፍተ ነገሩና ዜማው ነው። ስለዚህ በግዕዝ ፊደል የታተመ መንዙማ ሁሉ የአሳታሚው ትርጓሜ ነው፤ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ከታተመው ብቻ ተነሥቶ የሸሁን ስሜት ከተረከ፣ የተረከው የአሳታሚውን ስሜት ሊሆን ይችላል። አጀሚ የማይችል ጸሐፊ የሚችል ደረሳ አጠገቡ ያስቀምጥ፤ ሲዘመር የሚያውቀውም ቢጨመር ይመረጣል፤ ዓይን የሳተውን ጆሮ ብዙ ጊዜ ያቃናዋል።

ከታሪክ ባለሙያዎች የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። መንዙማ ይጨመርበታል፣ ይቀነስበታል፣ ለታዋቂ ሸህ ይለጠፋል ይላሉ። ጥሩ ማስረጃም አላቸው። በሸህ ሁሴን ጅብሪል ስም የሚነገሩት የትንቢት ግጥሞች ከወሎ አልፈው በአገሩ ሁሉ ይታወቃሉ፤ ስለ ነገሥታቱ መነሣትና መውደቅ፣ አንዳንዶቹም ሸሁ ኖሩ ከሚባልበት ከ19ኛው ምዕተ ዓመት እጅግ ርቆ ስለሆነው ይናገራሉ። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው የሸሁ፣ የትኛው ነገሩ ከሆነ በኋላ የተገጠመ እንደሆነ ከግጥሙ ብቻ መለየት አይቻልም። ይህን እቀበላለሁ። ከዚህ የሚከተለው ግን ግጥሙ ይጣል የሚል ሳይሆን የሚጠየቀው ጥያቄ ይለወጥ የሚል ነው። ኋላ የተጨመረ ስንኝ ስለ ሸሁ ባይመሰክር፣ ሸሁን ስላስታወሰው ትውልድ ይመሰክራል፤ የሕይወት ታሪኩ ከመቃብሩ በኋላ ያለውን ምዕራፍ ከዚያ መጻፍ ይችላል። የሸሁን ዘመን ለመጻፍ ግን ቀድሞ በጽሑፍ የተያዘ ግልባጭ ያስፈልጋል። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ የሙስሊሞችን የአማርኛ ዝማሬ እ.ኤ.አ. በ1926 ማሳተሙ ለዚህ ይጠቅማል፤ ካሴት ከመምጣቱ በፊት የተያዘ ስለሆነ ኋላ የተቀረፀውን ለማመዛዘን መነሻ ይሆናል። ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድም የ19ኛውን ምዕተ ዓመት የወሎ እስልምና ሲጽፉ፣ ከዚያም ቀደም ብለው ስለ ሸህ ጦልሃ ሕይወት ለብቻው ሲጽፉ፣ የቃል ምስክርና የሸሆቹ ጽሑፍ ከዜና መዋዕሉ ጎን ቆሞ ሊመረመር እንደሚችል አሳይተዋል።

ሌላው ተቃውሞ ከሃይማኖት በኩል የሚመጣ ነው። አንዱ ወገን መንዙማ ዒባዳ ነው፣ ለታሪክ ማስረጃ ማድረግ ክብሩን ይነካል ይላል፤ ሌላው ደግሞ በወሊዮች መማለድ ከተውሒድ ያወጣል፣ ስለዚህ እንዲህ ያለው ግጥም መታወስ የለበትም ይላል። ጸሐፊው በዚህ ክርክር ፈትዋ የመስጠት ሥልጣን የለውም። ሸሁ ያመኑትን እንዳመኑት መጻፍ ነው ሥራው፤ የማይወደውን ስንኝ ከሕይወታቸው ቆርጦ ቢያወጣ ግን የሚያቀርብልን ሰው ሸሁ አይሆኑም።

የቋንቋው ምርጫ ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ይታለፋል። የዑለማው የዕውቀት ቋንቋ ዐረብኛ ነበር፤ ሸህ ጦልሃም በዐረብኛ መግጠም ይችሉ ነበር፣ ገጥመዋልም። ያም ሆኖ በአማርኛ ገጠሙ። ዘመኑ አማርኛ የሚያጠምቀው መንግሥት ቋንቋ የሆነበት ዘመን ነው። ሸሁ ቋንቋውን ለመንግሥቱ አልለቀቁለትም። ይህ ሙስሊሙ የአገሩ ሰው ነው ወይስ እንግዳ ለሚለው የማንነት ጥያቄ ከባድ ማስረጃ ነው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የመንግሥት አነጋገር ሙስሊሙን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» እያለ እንደ እንግዳ ይጠራው ነበር፤ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣው ታላቅ ሰልፍ ከተቃወማቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ለዚህ አነጋገር መልስ ለመስጠት ወደ ነጃሺ ዘመን ብቻ መሄድ የተለመደ ሆኗል። የነጃሺ ታሪክ የስደተኛና የአስተናጋጅ ታሪክ ነው፤ እንግድነቱን ሙሉ በሙሉ አያፈርሰውም። በአማርኛ አልቅሶ፣ በአማርኛ ለምኖ፣ የወሎን ተራራና መንደር እየጠራ የገጠመ ሸህ ግን የማንም እንግዳ አይደለም። ስለዚህ የአንድ ሸህ የሕይወት ታሪክ ስለ ማንነት የሚለው ነገር ካለ፣ በመግቢያው ላይ በሚሰካ መፈክር ሳይሆን በግጥሙ ቋንቋ ትንተና ይበለው።

ስለ ዘመን አቆጣጠር አንድ ነገር ልጨምር፤ ስሕተቱ ተደጋግሞ ይታያል። ሸሆቹ የሚታሰቡት ባረፉበት ቀን ስለሆነ የሞት ዘመናቸው ከልደታቸው ይልቅ ይታወቃል፤ ጌታ በተባለው የወሎ ስፍራ የሚታወቁት ሰይድ ቡሽራ በ1863 እ.ኤ.አ. ማረፋቸው እንደሚታወቀው ማለት ነው። ልደቱ የሚገኘው ብዙ ጊዜ «ይህን ያህል ዓመት ኖሩ» ከሚለው ቃል ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው፤ ያ ቁጥር ግን የሂጅራ ነው። የሂጅራ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር መቶ ዓመት ኖሩ የተባሉ ሸህ በፀሐይ አቆጣጠር የኖሩት 97 ነው። ሦስት ዓመት ትንሽ ይመስላል፤ ሸሁ ቦሩ ሜዳ ሲታወጅ ደረሳ ነበሩ ወይስ አስተማሪ የሚለውን ግን ሊለውጠው ይችላል።

አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ የአጀሚ ደብተር ወይም የቆየ የመንዙማ ካሴት ካለ፣ ለማንም ከማስተላለፍህ በፊት የአውጪውን ስም፣ ሐድራው የነበረበትን ቦታ፣ ዓመቱንና ከማን እንደተማሩት ጻፍበት። ደብተሩ የማን ግልባጭ እንደሆነ የሚያውቁ አባት ካሉ ዛሬ ጠይቃቸው። ግጥሙን ሌላ ሰው በቃሉ ይይዘው ይሆናል፤ እነዚህን አራት ነገሮች ግን ከእንዲህ ያሉ አባቶች ሌላ የሚያውቃቸው የለም።