በደጋ አገር ስለ ኮምፒዩተር ራዲያተርና ማራገቢያ አመራረጥ

ኮምፒዩተርን በውሃ ለማቀዝቀዝ ለሚሹ ሰዎች በብዛት የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው። ይኸውም 120 ሚሊሜትር ማራገቢያ የሚይዝ የራዲያተር ስፋት ለፕሮሰሰሩ አንድ፤ ለግራፊክስ ካርዱ አንድ፤ ለመጠባበቂያም አንድ ይበቃል የሚል ነው። ምክሩ ለማስታወስ ቀላል በመኾኑ አያሌ ሰዎች ሳይመረምሩ ተቀብለውታል። እኛ ግን ነገሩን ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ከምትገኘው ከደብረ ታቦር ላይ ኾነን ብንመረምረው ሁለት ጉድለት እናገኝበታለን።

የመጀመሪያው የአየሩን ክብደት የሚመለከት ነው። በማራገቢያ ላይ የሚታተመው ቍጥር አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎግራም ይመዝናል በሚል መሠረት የተሰላ ነው። በደብረ ታቦር ከፍታ ግን ያው አየር በ15 ዲግሪ 0.88 ኪሎግራም ያህል ብቻ ይመዝናል። ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው የአየሩ ክብደት እንጂ ስፋቱ አይደለም። በሰዓት 60 ሜትር ኩብ አየር የሚያሳልፍ ማራገቢያ 200 ዋት ሙቀት እንዲያወጣ ቢደረግ፤ በባሕር ጠረፍ (ባሕር ዳርን ማለታችን አይደለም፤ እርሷም ደገኛ ናት) አየሩ በ10 ዲግሪ ሞቆ ይወጣል፤ በደብረ ታቦር ግን ከ13 ዲግሪ በላይ ይሞቃል።

ደጋው ብርድ ስለ ኾነ ጉድለቱ ይካካሳል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። እውነት ነው፤ ክፍሉ 15 ዲግሪ ከኾነ የደብረ ታቦሩ ኮምፒዩተር 35 ዲግሪ በሚሞቅ የምጽዋ ክፍል ካለው ይሻለዋል። ዳሩ ግን ብርዱ የሚረዳው ወደ ክፍሉ ሲገባ ነው፤ መስኮቱ ተዘግቶ ብዙ መሣሪያ በታጨቀበት ክፍል አይረዳም።

ሁለተኛው ጉድለት የባሰ ነው ብለን እናምናለን። ማራገቢያ በየትኛውም ከፍታ ያንኑ ስፋት አየር ያሳልፋል ይባላል። መንገዱ ክፍት ሲኾን ልክ ነው። ቅጠሎቹ እጅግ በተጠጋጉበት ራዲያተር ውስጥ ግን አየሩ በቀስታ ስለሚያልፍ፤ የሚያግደው በአብዛኛው የራሱ ልጠት እንጂ ክብደቱ አይደለም። ልጠቱ በከፍታ አይቀንስም፤ የማራገቢያው ግፊት ግን ከአየሩ ክብደት ጋር አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ የሚያልፈው ስፋት ራሱ ያንሳል፤ ኪሳራውም እጥፍ ይኾናል። እንግዲህ በየገበያው የሚመሰገነው ወፍራምና ቅጠለ ጥቅጥቅ ራዲያተር በደቡብ ጎንደር ደጋ ከሁሉ ይልቅ የሚጐዳው ነው። ሰፊ፤ ስስ፤ ቅጠሉ የተራራቀውን እንመርጣለን፤ በበጋም አቧራው በቀላሉ ይጠረጋል። (በ1860ዎቹ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በጋፋት የዐፄ ቴዎድሮስን መድፎች ያቀለጡት ሠራተኞችም እቶናቸውን ያነደዱት በዚሁ ስስ አየር መኾኑን ልብ ይሏል።)

በደብረ ታቦር ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላልና ኮምፒዩተሩ ይጐዳል የሚለው ሥጋት ግን መሠረት የለውም። ከወረታ ዳገቱን ለሚወጣ የጭነት መኪና ነጂ ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ የኮምፒዩተሩ ውሃ ግን በደኅና ጊዜ 60 ዲግሪ እንኳ አይደርስም።

ገዢው በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ግፊት በ0.73 ያባዛ። 2 ሚሊሜትር ውሃ የተባለው 1.5 ያህል ይኾናል፤ ራዲያተሩም መመረጥ ያለበት በዚህ ቍጥር ነው።