ድርና ማግ፦ ከአቃቂ መንገድ እስከ ዝዋይ ደሴቶች

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ለዕረፍት የሚወጣ መንገደኛ አቃቂ ቃሊቲን ሳያቋርጥ አያልፍም። በበዓል ዋዜማ መኪናዎች ተከታትለው ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ዝዋይና ወደ ላንጋኖ ሐይቆች ይነጉዳሉ። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታዩት የፋብሪካ አጥሮች፣ መጋዘኖችና የጭነት መኪናዎች ለዚህ መንገደኛ የጉዞው መሰናክል እንጂ የጉዞው ዓላማ አይደሉም። ባህልን የሚጠብቀው ከፊቱ ነው፤ በውሃ ከተከበበ ደሴት፣ ከጥንታዊ ገዳም፣ ከሸማኔ ጉድጓድ አጠገብ። አቃቂን በመስኮት እያየ ያልፋል፤ ሲያልፍም የሚፈልገውን ነገር ግማሹን ከኋላው ጥሎ እንደሚሄድ አያውቅም።

የዝዋይ ደሴቶች በእርግጥ ሊጎበኙ የሚገባቸው ናቸው። ከአምስቱ ደሴቶች ትልቁ ቱሉ ጉዶ ወይም ደብረ ጽዮን ነው። በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ በዚያ እንደ ተጠለለች አፈ ታሪክ ይናገራል። የደሴቶቹ ባለቤት የዛይ ሕዝብ ከሐረሪና ከስልጤ ጋር የሚዛመድ የራሱ ቋንቋ አለው፤ ከእርሻና ከዓሣ ማስገር ጋር ሽመናን ሙያው አድርጎ ኖሯል። ዛሬ ከሕዝቡ ብዙው በሐይቁ ዳርቻ ባሉ ከተሞችና መንደሮች ይኖራል። ጎብኚው በደሴቲቱ ላይ አንዲት እናት እንዝርት ስታሾር ቢያይ፣ አንድ ሸማኔም መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ሲያቀብል ቢመለከት፣ «እነሆ ያልተበረዘው፣ ንጹሑ ባህል!» ብሎ ይደነቃል።

ይህ አድናቆት ከቅን ልብ የመነጨ ነው። ይሁን እንጂ «ያልተበረዘ» የሚለው ቃል ሊመረመር ይገባዋል። ስለ እጅ ጥበብ በሚጻፉ የጉዞ ማስታወሻዎችና በራሪ ጽሑፎች ውስጥ እጅግ የተለመደው ቃል ይኸው ነው፤ ሸማኔውን ከሁሉ ይበልጥ የሚበድለውም ይኸው ቃል ነው።

ነገሩን ከራሱ ከሸማው መጀመር ይሻላል። ሸማ ድርና ማግ ነው። ድሩ በርዝመት የሚወጠረው፣ ማጉ ደግሞ በድሩ መካከል በአግድም የሚገባው ክር ነው። ከፋብሪካ የሚወጣ ክር በገበያ ከተስፋፋ ወዲህ በአብዛኛው የሀገራችን ሸማኔ ዘንድ ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ፈትል ሆኗል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ድር ተወጥሮ ይውላል፤ ማጉ በገባ ቁጥር ይመታል፣ ይፋተጋል፤ ስለዚህ ጥንካሬውና ውፍረቱ የተስተካከለ ክር ይፈልጋል። ማግ ግን ጥጡን ደምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶውን በእንዝርት ያሾረችው ሴት የሰጠችውን ልስላሴ ይዞ ይገባል። ጋቢ ሲለበስ ገላን የሚያሞቀው፣ በታጠበ ቁጥር የሚለሰልሰው ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ ጎብኚው «የጥንት» ብሎ የሚገዛው ሸማ ግማሹ ከመኪና፣ ግማሹ ከእንዝርት የተገኘ ነው።

አቃቂ ወደዚህ ታሪክ የሚገባው በዚህ በኩል ነው። ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ሐዲዱ በአቃቂ በኩል አለፈ። በሐዲዱና በወንዙ አቅራቢያ ኋላ ፋብሪካዎች ተተከሉ። በ1950ዎቹ ዓመታት ከህንዱ የቢርላ ኩባንያ ጋር በሽርክና የተቋቋመው የኢንዶ ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በአቃቂ ሥራ ጀመረ፤ በ1967 ዓ.ም. እንደ ሌሎቹ ታላላቅ ድርጅቶች ወደ መንግሥት ይዞታ ተዛወረ። የአቃቂ ስም ከጥጥና ከክር ጋር የተቆራኘው በዚህ ዘመን ነው። የፈትል መኪና ሲመጣ ሽመና ይጠፋል ብሎ የፈራ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም ነበር፤ በብዙ ሀገር እንዲያ ሆኗልና። በኢትዮጵያ ግን የእጅ ሸማኔው የመኪናውን ክር ወስዶ ድር አደረገው። በሽሮ ሜዳ የተሰባሰቡት የዶርዜ ሸማኔዎችም እንደዚሁ አደረጉ። ይህ የሽንፈት ምልክት አይደለም፤ የባለሙያ ምርጫ ነው።

ደግሞስ አዲስ ነገር ነውን? የቀድሞ ሸማኔዎች ለጥለት የሚሆን ቀለም ያለው ክር ባጡ ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣውን ቀይና ሰማያዊ ጨርቅ ይተረትሩ ነበር። የመኳንንት መለያ ሆኖ የኖረው ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ እንዲህ ባለ ክር ጭምር የተሠራ ነው። የሌላው እጅ ያልነካው ጥበብ ፈልጎ የሚነሣ ሰው እንግዲህ በቱሉ ጉዶም፣ በቤተ መንግሥት ሣጥን ውስጥም አያገኘውም።

የሌላው ዓለም ተሞክሮም ከዚህ የራቀ አይደለም። በግሪክ ደሴቶች፣ በስኪሮስና በሮድስ፣ ሴቶች ለጥሎሽ የጠለፏቸው የአልጋ መጋረጃዎችና ልብሶች ዛሬ በአቴናው የቤናኪ ሙዚየምና በለንደኑ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይታያሉ። በእነዚያ ጥልፎች ላይ የቬኒስም የቱርክም እጅ ይነበባል። ለዕረፍት ወደ ደሴቶቹ የሚጎርፈው እንግዳ ግን የሚገዛው «የደሴቲቱ ብቻ» ተብሎ የተነገረውን ነው። በሙዚየሙ መግለጫ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የደሴቲቱ ስምና ክፍለ ዘመኑ ይጻፋል፤ የጠላፊዋ ስም ግን የለም። «ንጹሕ ባህል» የሚለው አስተሳሰብ ዋጋው ይህ ነው፦ ሥራው የደሴቱ ይሆናል፣ የዘመኑ ይሆናል፣ የሠራተኛዋ ግን አይሆንም።

በእኛ ሀገር ይህ ጉዳት በሌላ ጉዳት ላይ የተደረበ ነው። አማርኛ ለኪነቱም፣ ለዕውቀቱም፣ ለሸማው ጌጥም አንድ ቃል ሰጥቷል፤ ጥበብ ብሎ። የጥበብ ቀሚስ ይባላል። ሆኖም ቃሉን ያከበረው ኅብረተሰብ ባለሙያውን ሲንቅ ኖሯል። ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ የስድብ ስም ሆኖ ቆይቷል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው የነገሩን ክብደት ያሳያል። ስድቡ ቢቀንስም ዝምታው አልቀረም። ሠዓሊ ሥዕሉን ይፈርማል፤ ገጣሚ ስሙን በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ያያል፤ ሸማኔ ግን ሥራውን አጥፎ ለነጋዴ ያስረክባል።

አሁን ደግሞ አዲስ ፈተና መጥቷል። የጥለቱን መልክ በቀለም ያተመ፣ ከውጭ የሚገባ ጨርቅ በየገበያው ይሸጣል። ዋጋው ይቀንሳል፤ ከሩቅ ሲያዩትም ያታልላል። «ያልተበረዘ» በሚለው መለኪያ ብቻ የሚፈርድ ሰው ይህን ጨርቅና በፋብሪካ ድር የተሠራውን ሸማ ለይቶ ማየት ይሳነዋል፤ ሁለቱንም መኪና ነክቷቸዋልና። ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር ነው። የፋብሪካው ክር ሸማኔውን አገለገለ፤ የታተመው ጨርቅ ሸማኔውን ተካ። በአንደኛው ውስጥ ድሩን ቆጥሮ፣ ቀለሙን መርጦ፣ ጥለቱ የት ተጀምሮ የት እንደሚያበቃ የወሰነ ሰው አለ፤ በሁለተኛው ውስጥ የለም። ከሸማኔው ጋርም ማጉን የምትፈትለው ሴት እንጀራዋን ታጣለች። የሚያሳስበው ይኸው ነው እንጂ የመኪና ድምፅ አይደለም።

ስለዚህ ከአድናቆት ይልቅ ሒስ ያስፈልጋል። ሸማ እንደ ግጥም ሊመዘን ይችላል፤ ሊመዘንም ይገባዋል። ጥሩ ጥለት አለ፤ መጥፎ ጥለትም አለ። ጥሩው ጥለት ነጩን ሜዳ ያስከብራል፤ ቀለማቱ ይነጋገራሉ፤ ልብሱ ሲጣፋ በትከሻ ላይ መውደቂያውን ያውቃል። በሐዘን ቀን ነጠላው ተዘቅዝቆ ጥለቱ ወደ ላይ ሲወጣም ጨዋነቱን አያጣም። መጥፎው በወርቀ ዘቦ ተጨናንቆ ነጩን ይውጠዋል፤ ለሠርግ ፎቶግራፍ እንጂ ለዕድሜ አልተሠራም። ይህን ለይቶ የሚናገር ተቺ ሲኖር ገዢው መምረጥን ይማራል፤ መልካም ሠሪም ከተርታው ሠሪ ተለይቶ ይታወቃል፤ ስሙም ከሥራው ጋር ይጠራል። ያለ ልዩነት «ባህላችን ነውና ያምራል» የሚል ሙገሳ ግን ለደህናውም ለደካማውም አንድ ዋጋ ይሰጣል፤ እንዲህ ባለ ገበያ ደግሞ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ርካሹ ነው።

የዕረፍቱ ቀን ሲያበቃ መንገደኛው ከዝዋይ የገዛውን ጋቢ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። አመሻሽ ላይ የአቃቂ ፋብሪካዎች መብራት እንደ ገና በመስኮቱ ያልፋል። ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ክሩን ቢመረምረው፣ የተስተካከለውን ድርና ወጣ ገባ ያለውን ማግ ጎን ለጎን ያገኛቸዋል። ባህሉ የቀረው በደሴቲቱ ላይ ብቻ እንዳልሆነ፣ በአቃቂ በኩልም አብሮት እንደሚጓዝ ያን ጊዜ ይገባዋል። የሸማኔውን ስም ሳይጠይቅ መምጣቱም ምናልባት ያን ጊዜ ይቆጨዋል።