ለታሪኩ የታመነ ጦር

ዋርሐመር 40,000 የተባለውን የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ የሚጀምር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ «የትኛውን ጦር ልምረጥ?» የሚል ነው። ሲያዩት የገበያ ጥያቄ ይመስላል። ምስሎቹ ውድ ናቸው፤ ከፕላስቲክ ማቀፊያቸው ተቆርጠው፣ በሙጫ ተጣብቀው፣ በቀጭን ብሩሽ ተቀብተው ሙሉ ጦር እስኪሆኑ ወራት ይፈጃሉ። ተጫዋቾቹ «ሎር» የሚሉትን፣ ከጨዋታው ጀርባ ያለውን ትረካ ማለት ነው፣ ጠብቆ ሊሰለፍ የሚፈልግ ሰው ግን የገባበት ጣጣ የአንባቢ ጣጣ ነው። ያነበበውን እንዴት እንደተረዳው የሚያሳየው ባሰለፈው ጦር ነው። ይህን ምርጫ በሥነ ጽሑፍ ዐይን ማየት ተገቢ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1987 ጌምስ ወርክሾፕ ከተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ወጣ፤ የመጀመሪያውን መጽሐፍ የጻፈው ሪክ ፕሪስትሊ ነው። የታሪኩ ዘመን አርባ አንደኛው ሺህ ዓመት ሲሆን የሰው ልጅ በሚሊዮን ዓለማት ላይ ተበትኖ በአንድ ጨካኝ ግዛት ሥር ይኖራል። ንጉሠ ነገሥቱ ከሞትም ከሕይወትም ሳይሆን በወርቅ ዙፋኑ ላይ ከተቀመጠ አሥር ሺህ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው የሆረስ ክህደት ተከታታይ ልብ ወለድ ብቻውን ከሃምሳ መጻሕፍት በላይ ሆኗል። እንግዲህ ታማኝነት ሲባል ለዚህ ሁሉ ወረቀት ነው።

የዚህ ታማኝነት ሸክም ማን ላይ እንደሚወድቅ ከዘመን ወደ ዘመን ተለዋውጧል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሦስተኛው እትም ጦር የሚደራጅበት ሠንጠረዥ ነበረው፤ ቢያንስ አንድ አዛዥና ሁለት የተራ ወታደር ጓድ ሳያሰልፉ መጫወት አይቻልም፤ ምርጥ ተዋጊዎችም ከባድ መሣሪያዎችም ከሦስት ሦስት አይበልጡም። ሕጉ ራሱ ትረካውን ይጠብቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አሥረኛው እትም ያንን አጥር አነሳው። ዛሬ ተራ ወታደር የሚባል ሳይኖር፣ ከየዓይነቱ እጅግ ኃይለኛውን ሦስት ሦስት ጊዜ ደርድሮ መምጣት ይፈቀዳል። መጽሐፉ ያስገድድ የነበረውን አሁን ተጫዋቹ በራሱ ፈቃድ ካልተሸከመው ማንም አይሸከመውም።

ምሳሌ እንውሰድ። ስፔስ ማሪን የተባሉት ተዋጊዎች ኮዴክስ አስታርቴስ በሚባል ደንብ ይተዳደራሉ። አንድ ቻፕተር አንድ ሺህ ያህል ተዋጊ አለው፤ እሱም በአሥር ሻምበል ይከፈላል። በጥንታዊው አደረጃጀት አንድ የውጊያ ሻምበል ስድስት መደበኛ ጓድ፣ ሁለት የወረራ ጓድ፣ ሁለት የከባድ መሣሪያ ጓድ ነበረው። ስለዚህ ትረካውን የጠበቀ የስፔስ ማሪን ጦር አብዛኛው ተራ እግረኛ ነው። በውድድር ጠረጴዛ ላይ ግን የሚታየው ብዙ ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው። የቻፕተሩ አለቃ፣ የአንድ ሺህ ያህል ተዋጊዎች የበላዩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአንዲት ፍርስራሽ ሲዋጋ ይውላል። ልብ ወለድ ሆኖ ቢቀርብልን እንዲህ ያለውን ደራሲ አናምነውም ነበር። ቀኝ አዝማች፣ ግራ አዝማች፣ ፊታውራሪ እያሉ ሹመትን በሰልፍ ቦታ ለሰየሙ ሰዎች ልጆች ይህ ሊከብድ አይገባም። ፊታውራሪ ከፊት የሚቀድም ነው፤ ሁሉም ፊታውራሪ የሆነበት ጦር ጦር አይባልም።

«ታዲያ መሸነፍ ነው እንዴ የምትመክረን?» የሚል አይጠፋም። መልሱን ከሰንጠረዥ ልዋስ። አባቶቻችን ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ በወረራ ይከፈት ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኢትዮጵያ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን እንደጻፈው ደግሞ የሚታየው ማሸነፍ ብቻ አልነበረም። ንጉሡን በግንቡ ወይም በፈረሱ ማሰር እንደ ተራ ነገር ይቆጠራል፤ ምስጋና የሚያስገኘው በደካሞቹ ጠጠሮች ሲታሰር ነው። በምን አሸነፍክ የሚለው ጥያቄ አሸነፍክ ወይ ከሚለው እኩል ይከብዳል። ለትረካው የታመነ ጦር የሚያሰልፍ ሰው፣ ኖቲንግሃም የወጣን ጨዋታ ሳያውቀው በጎንደር ሥርዓት እየተጫወተ ነው።

ታማኝነቱ የሚፈተነው በምርጫው ላይ ብቻ አይደለም፤ አጨዋወቱም ይፈትነዋል። የክሪግ የሞት ጓድ የተባሉትን ወታደሮች እንይ። ዓለማቸው በግዛቱ ላይ ዐመፀች፤ ዩርተን የተባለ ኮሎኔል ዐመፁን ለመስበር የገዛ ምድሩን በአቶሚክ አጋየ፤ እርስ በርስ ጦርነቱም 500 ዓመት ፈጀ። ከዚያ ወዲህ የክሪግ ሰዎች የሚዋጉት በአያቶቻቸው ኃጢአት ንስሐ ሊገቡ፣ ማለትም ሊሞቱ ነው። እነሱን መርጦ በየዙሩ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ነፍሳቸውን የሚያተርፍ ተጫዋች ልብሳቸውን እንጂ ታሪካቸውን አልወሰደም። በሌላ በኩል ትረካውን እስከ መጨረሻው የሚከተለው ሰው፣ ሰውን እንደ ማገዶ የሚማግድ መንግሥት እጅ ሆኖ መጫወቱን ማወቅ አለበት። ድርሰቱ ግዛቱን አያሞግስም፤ ይሣለቅበታል። ይህን ያልተረዱ አሉ። በስፔን ውድድር ላይ አንድ ተጫዋች የናዚ ምልክት ለብሶ ከታየ በኋላ ኩባንያው በኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. መግለጫ አውጥቶ፣ ግዛቱ በጥላቻ የሚነዳ መሆኑን፣ ጨዋታው ግን እንዳልሆነ መናገር ግድ ሆኖበታል። ሥላቅን እንደ ስብከት ያነበበ ሰው የጦሩን ቀለም አንድም ሳይስት ቢቀባ እንኳ ትረካውን ስቶታል።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ደጃችን ይመጣል። ከሜልበርን መሀል ወደ ሰሜን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ክሬጊበርን፣ ቡና በሚፈላበት ቤት የምግብ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የቀለም ብልቃጥና ብሩሽ ተደርድሮ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አንድ የጎረቤቴ ልጅ ስፔስ ማሪኖቹን ከራስ ቁር ውጭ የሚታይ ፊት ባላቸው ሁሉ ላይ ጠይም አድርጎ ቀባቸው። አንድ ተጋጣሚው «ይሄ ታሪኩን አልጠበቀም» አለው። ሌላው ደግሞ ሊረዳው አስቦ «እንዲያ ከሆነ ሳላማንደርን ውሰድ፤ እነሱ ጥቁር ናቸው» ሲል መከረው። አባትየው ነገሩን ሰምተው «ልጄ፣ መጽሐፉ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁት። ከሦስቱ የተሻለ አንባቢ እሳቸው ነበሩ።

መጽሐፉ የመጀመሪያውን ተጋጣሚ አይደግፈውም። ቻፕተሮቹ ልጆችን የሚመለምሉት ከሚሊዮን ዓለማት ነው፤ ነጭ ፊት የሳጥኑ ላይ ሥዕል ልማድ እንጂ የትረካው ሕግ አይደለም። የሁለተኛውም ምክር ቢሆን በጎ ሐሳብ ያለው ስሕተት ነው። የሳላማንደሮች ቆዳ እንደ ከሰል የጠቆረው፣ ዐይናቸው እንደ ፍም የቀላው ዘረመላቸው ኖክተርን ከተባለችው ምድራቸው ጨረር ጋር ሲገናኝ ነው፤ የየትኛውም የሰው ዘር መልክ አይደለም። ልጁን በቆዳው ምክንያት ወደ እነሱ መላክ አንድ ጦር ለጥቁሮች ከልሎ ሌላውን ሁሉ ለነጭ መተው ነው።

ሳላማንደርን መምረጥ የሚገባው ሌላ ምክንያት ያለው ሰው ነው። ከሌሎች ቻፕተሮች በተለየ ከሕዝባቸው መካከል ይኖራሉ። በአርማጌዶን ጦርነት ሌላ ቻፕተር የስደተኞችን መጠለያ በመድፍ በደበደበ ጊዜ፣ አለቃቸው ቱሻን የዚያን ጦር ሻምበል በቡጢ ነው የጠየቀው። ከሁሉም በላይ ግን አንጥረኞች ናቸው፤ እያንዳንዱ ተዋጊ መሣሪያውን በገዛ እጁ ይቀጠቅጣል፤ አባታቸው ቩልካንም ቀጥቃጭ ነበር። ለእኛ ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። ማረሻውንም ጦሩንም የሠራልንን ቀጥቃጭ ቡዳ ብለን፣ ከማዕድ አግልለን፣ ጅብ ሆኖ ያድራል ብለን የኖርን ሰዎች ነን። አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በላይ ዕድሜ አገኘ። ቀጥቃጭነት የጀግና መታወቂያ የሆነበትን ጦር የሐበሻ ልጅ ሲመርጥ፣ አባቶቹ ያልጻፉትን ነገር እያነበበ ነው። ይህ ከቆዳ ቀለም ይልቅ የሚመለከተው ይመስለኛል።

እንግዲህ ሳላማንደርን በዚህ ምክንያት የመረጠ፣ ጦሩን ትረካው እንደሚለው ይሥራው። ቻፕተሩ አሥር ሳይሆን ሰባት ሻምበል ነው፤ ሞተር ብስክሌትና ፈጣን ተሽከርካሪ ጥቂት፣ ነበልባል ተፊና ብረት አቅላጭ መሣሪያ ብዙ። እግረኛው በርከት ይበል፤ ስመ ጥሩው ጀግና ለታላቅ ቀን ይቀመጥ። በጨዋታው መሀል ነጥብ የሚያስገኘውን ኮረብታ ከመያዝና ሰላማዊ ሰዎች የተጠለሉበትን ፍርስራሽ ከመከላከል አንዱን መምረጥ ቢመጣ የቱን እንደሚያደርግ ከወዲሁ ያስብበት። የጎረቤቴን ልጅ በተመለከተ፣ ጠይሞቹን ፊቶች አንዱንም አልፋቀም፤ ቻፕተሩንም አልቀየረም። መጽሐፉን ከፍቶ ለተጋጣሚው ምልመላው የተጻፈበትን ገጽ አሳየው።