ምሕንድስናንና ኤኮኖሚክስን አጣምሮ ስለ መማር፤ የዱፕዊ ድልድይ የሚያስተምረን

ምሕንድስናንና ኤኮኖሚክስን ሁለቱንም ዋና ትምህርት አድርጎ መያዝ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በሚያስገኘው ሥራና ደመወዝ ነው። እኛ ግን በአንድ ጽሑፍ ልንመዝነው እንወዳለን። ይኸውም ፈረንሳዊው የመንገድና የድልድይ መሐንዲስ ዡል ዱፕዊ በ1844 እ.ኤ.አ. የሕዝባዊ ሥራዎች ጥቅም እንዴት እንደሚለካ ያወጣው ጥናት ነው።

መሐንዲስ ድልድዩ ሸክሙን እንዲችል አድርጎ ይሠራል፤ ድልድዩ መሠራት የሚገባው መሆኑን ግን የድንጋዩና የብረቱ ስሌት ብቻውን አይነግረውም። ዱፕዊ የተነሣው ከዚህ ላይ ነው። ሐሳቡን በራሳችን ምሳሌ እናስረዳ። ሦስት ሰዎች ለመሻገር ቢበዛ 1 ብር፣ 60 ሣንቲምና 20 ሣንቲም ለመክፈል ፈቃደኞች ናቸው እንበል። ቀረጡ 60 ሣንቲም ቢሆን ሁለቱ ይሻገራሉ። ገቢው 1 ብር ከ20 ነው፤ ጥቅሙ ግን 1 ብር ከ60 ይሆናል፤ ለፊተኛው 40 ሣንቲም በኪሱ ቀርቶለታልና። ሦስተኛው ሰው አይሻገርም፤ የእርሱም ጥቅም ለመንግሥትም ለመንገደኛም ሳይሆን በከንቱ ይቀራል። ቀረጡ ቢነሣ ጥቅሙ 1 ብር ከ80 ይደርሳል፤ ገቢው ግን ባዶ ነው። እንግዲህ በሒሳብ መዝገብ ላይ ኪሣራ የሚያሳይ ድልድይ ለአገር ሊጠቅም ይችላል ማለት ነው። ይህን ለማየት ሁለቱም ዕውቀቶች ያስፈልጋሉ።

ነገር ግን ጽሑፉ ጉድለት አለበት። ዱፕዊ የጥቅም መለኪያ ያደረገው እያንዳንዱ ሰው ሊከፍል የሚፈቅደውን የመጨረሻውን ዋጋ ነው። ባለ 20 ሣንቲሙ ሰው ድሃ ከሆነ፣ መሻገሩ የዕለት እንጀራው ሊሆን ይችላል፤ ባለ 1 ብሩ ደግሞ ለምቾት ብቻ ይሻገር ይሆናል። የሁለቱን ገንዘብ በአንድ ሚዛን መደመር የባለጠጋውን ድምፅ ያበዛል። ሁለት ትምህርት ማወቅ ከዚህ ስሕተት አያድንም፤ ስሌቱ በተጣራ ቁጥር እንዲያውም ስሕተቱ ይሸፈናል።

ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው። ዱፕዊ ወደ ኤኮኖሚክስ የመጣው በሥራው ላይ ባገኘው ጥያቄ ነው። ቪልፍሬዶ ፓሬቶም አስቀድሞ በቱሪን ምሕንድስና ተምሮ፣ በምድር ባቡርና በብረት ሥራ ቆይቶ፣ በሎዛን የኤኮኖሚክስ ወንበር የያዘው በ1893 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለቱንም የመራቸው ጥያቄ እንጂ የምስክር ወረቀት ብዛት አልነበረም። ምሕንድስና ቤተ ሙከራና የረዥም ጊዜ ልምምድ የሚጠይቅ ስለሆነ በትርፍ ጊዜ አይያዝም። እንግዲህ ለብዙዎቻችን የሚበጀው ምሕንድስናን ዋና አድርጎ፣ የዋጋን ንድፈ ሐሳብ፣ ስታቲስቲክስንና የመንግሥት ገንዘብ አስተዳደርን መርጦ መጨመር ነው። ሁለተኛውን ዋና ትምህርት ሙሉውን መያዝ የሚገባው ግን በአንደኛው ብቻ የማይመለስ ጥያቄ ያለው ተማሪ ነው። ጥያቄውን በሁለት መስመር መጻፍ የተሳነው፣ ለምዝገባ ባይቸኩል ይሻለዋል።